ትንሽ ግጭት ደርሶብኛል፤ ኢንሹራንስ ልጠይቅ ወይስ ከኪሴ ላሠራው? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁም። አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ኢንሹራንስ ኩባንያ የተሽከርካሪ ካሳ ክፍል ሠርቻለሁ። ፋይል ከፍቻለሁ፣ ጋራዥ እየዞርኩ ጉዳት ገምቻለሁ፣ "ጥያቄዎን መቀበል አልቻልንም" የሚል ደብዳቤም ጽፌ ሰጥቻለሁ። ከእነዚያ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ባለመኪናው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ማድረግ ያለበትን ቢያደርግ ኖሮ አይጻፉም ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። የምታውቁትን ሁሉ አስገብታችሁ ጠይቁኝ፤ የአረቦኑን (ለኢንሹራንሱ በየዓመቱ የምትከፍሉትን) መጠን፣ ውሉ ላይ ያለውን ቅናሽ፣ ጋራዡ ያላችሁን ዋጋ።

ጥያቄ (ከሰሚት)፦ ጋሼ፣ ከትናንት በስቲያ ማታ ቪትዜን ወደኋላ ሳስገባ የግቢያችንን የበር ምሰሶ መታሁት። የኋላው ባምፐር ተሰንጥቋል፣ ቀለሙም ተልጧል። ጋራዥ 28 ሺህ ብር አሉኝ። ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ። አረቦኑ 60 ሺህ ነው፤ ለሦስት ዓመት ካሳ ስላልጠየቅኩ 30 በመቶ ተቀንሶልኝ 42 ሺህ ነው የምከፍለው። ውሉ ላይ ተቀናሽ (ኤክሰስ) የጉዳቱ 10 በመቶ፣ ቢያንስ ግን 5 ሺህ ይላል። ልጠይቅ ወይስ ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ ቁጥሩን ሁሉ ይዘሽ በመምጣትሽ ተባረኪ። በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንለይ፦ አደጋ ማሳወቅና ካሳ መጠየቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰው ሁሉ አንድ አድርጎ ስለሚያያቸው ነው የሚጎዳው። ለማስላት ጊዜ አለሽ፤ ለማሳወቅ ግን የለሽም። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ክፍል ዛሬም ይሠራል፤ አደጋ መድረሱን ባወቅሽ በአምስት ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው እንድትነግሪ ያዝዛል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ሄደሽ በጽሑፍ አሳውቂ፣ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ተቀበይ። ማሳወቅሽ ብቻውን ቅናሽሽን አይነካም፤ ቅናሹን የሚያሳጣሽ የተከፈለ ካሳ ነው። ኋላ ከኪሴ አሠራለሁ ካልሽ "ጥያቄዬን አንስቻለሁ" ብለሽ በደብዳቤ ፋይሉን አዘጊው። ክፍት ሆኖ ከከረመ ውል ስታድሺ ጣጣ ያመጣብሻል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ጉዳቱ 28 ሺህ ነው። አሥር በመቶው 2,800 ስለሆነ ከዝቅተኛው ያንሳል፤ የሚቀነስብሽ፣ ማለትም ከራስሽ የምትሸፍኚው፣ 5 ሺህ ነው። እጅሽ የሚገባው 23 ሺህ። የምታጪውስ? ቅናሽሽ እንዴት ነው ደረጃ በደረጃ የሚወጣው?

ጥያቄ (ከሰሚት)፦ ውሉን አየሁት። በመጀመሪያው ዓመት 10፣ በሁለተኛው 20፣ በሦስተኛው 30፣ ከዚያ በላይ አይሄድም። አንድ ካሳ ከተከፈለ ወደ ዜሮ ይመለሳል።

መልስ፦ እንግዲያው በሚቀጥለው ዓመት ሙሉውን 60 ሺህ ትከፍያለሽ፤ 18 ሺህ ጨመርሽ። በሁለተኛው ዓመት 54 ሺህ፣ 12 ሺህ ጨመርሽ። በሦስተኛው 48 ሺህ፣ ሌላ 6 ሺህ። በአራተኛው ወደ ነበርሽበት ትመለሻለሽ። ሲደመር 36 ሺህ ነው። 23 ሺህ ለመቀበል 36 ሺህ መክፈል ማለት ነው። ያንቺ ወሰን 41 ሺህ አካባቢ ነው፤ ጥገናው ከዚያ በታች ከሆነ ከኪስሽ አሠሪው፣ ከዚያ ካለፈ ጠይቂ። ይህ ግን ያንቺ ውል ቁጥር ነው። ሌሎቻችሁ የራሳችሁን አውጥታችሁ አስሉ፤ የቅናሹ መሰላል ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል።

አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። "28 ሺህ" ያሉሽ ባምፐሩን ፈትተው አይተው ነው ወይስ ቆመው? ከውጭ ጭረት ብቻ የሚመስል ባምፐር ሲፈታ ከኋላው ያለው ብረት ታጥፎ፣ የመብራቱ መያዣ ተሰብሮ አገኛለሁ። የኋላውን በር ክፈቺና ዝጊው፤ በግራና በቀኝ ያለው ክፍተት እኩል ነው? በጣትሽ ለኪው። እኩል ካልሆነ ፈትተው ይዩት።

ጥያቄ (ከመገናኛ)፦ ቆሜ ሳለሁ ሚኒባስ ታክሲ መጥቶ በሬን ገጨኝ። ሹፌሩ "ወንድሜ ቤተሰብ አለኝ፣ 5 ሺህ ልስጥህና እንለያይ፣ ትራፊክ አንጥራ" ብሎ ለመነኝ። እኔ ያለኝ የሦስተኛ ወገን ብቻ ነው። ቁጥሩን ተቀብዬ ለቀቅኩት። አሁን ባትላሜራና ቀለም 19 ሺህ ተባልኩ፤ ስልኩ አይነሳም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያዘንክለት ልብህ ጥሩ ነው፤ የሄድክበት መንገድ ግን ለሁለታችሁም አልጠቀመም። የሦስተኛ ወገን ሽፋንህ አንተ ሌላውን ስትጎዳ የሚከፍል እንጂ ያንተን በር የሚያሠራ አይደለም። ያንተን በር የሚያሠራው የእሱ የሦስተኛ ወገን ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት እያንዳንዱ ተሽከርካሪ ይህን ሽፋን የመያዝ ግዴታ አለበት፤ መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው እሱ ነው። ሹፌሩ ከኪሱ መክፈል ሳያስፈልገው ኢንሹራንሱ ሊከፍልህ ይችል ነበር። ብዙ ሹፌሮች ይህን አያውቁም፣ ወይም ባለንብረቱን ፈርተው ይደብቃሉ።

የትራፊክ ፕላን፣ ማለትም ትራፊክ ፖሊሱ የአደጋውን ቦታ የሚያነሳበት ንድፍ፣ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2084 ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ቆጥሮ ነው የሚነሳው፤ ጉዳቱንም እኩል ያካፍላል። ጥፋቱ በሙሉ ወይም በአብዛኛው የአንዱ ሹፌር መሆኑ ከተረጋገጠ ነው ነገሩ የሚለወጠው። "ቆሜ ነበር" ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ቆመህ እንደነበር የሚያሳየው ፕላኑ፣ ፎቶውና ምስክሩ ነው። አሁንም ታርጋውን ከያዝክ፣ ያየ ሰው ካለ፣ ሳትውል ሳታድር አደጋው የደረሰበት አካባቢ ትራፊክ ፖሊስ ጋ ሄደህ አመልክት። በሩን እስከዚያ አታሠራው።

ጥያቄ (ከመገናኛው ጋር ተያይዞ፣ ከሐዋሳ)፦ ሙሉ ኢንሹራንስ ቢኖረውስ? ጥፋተኛው ሌላው ከሆነ የማንን ይጠይቃል?

መልስ፦ ሁለቱም መንገድ ክፍት ነው። ከጥፋተኛው ኢንሹራንስ ከጠየቀ ራሱ ይሯሯጣል፣ የራሱ ውል ግን አይነካም። ከራሱ ኩባንያ ከጠየቀ ደግሞ ኩባንያው ያሠራለትና በእሱ ቦታ ተተክቶ ገንዘቡን ከጥፋተኛው ያስመልሳል። ገንዘቡ ሲመለስ ቅናሹ ይመለስለት እንደሆነ ግን አስቀድሞ በጽሑፍ ይጠይቅ።

እዚህ ላይ የማልረሳት አንዲት እናት ነበረች። መኪናዋን የገጫት ሰው 4 ሺህ ብር ሰጣት፤ ኮፈኑ ላይ ወረቀት ዘርግቶም "ከዛሬ ጀምሮ ምንም ጥያቄ የለኝም" ብላ እንድትፈርም አደረጋት። ጉዳቱ ሲገመት አሥር እጥፍ ሆነ። ኩባንያችን የሚያስመልስበትን መብት በፊርማዋ ስለዘጋችው ጥያቄዋ ውድቅ ተደረገ። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ "ይሄ እኮ ለ4 ሺህ ብሩ ብቻ መስሎኝ ነው" ስትለኝ ምን ልመልስላት? እባካችሁ፣ ኋላ ኢንሹራንስ ልትጠይቁ ትችላላችሁና መንገድ ላይ "ጥያቄ የለኝም" ብላችሁ አትፈርሙ። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ እከፍላለሁ" ብላችሁም ያለ ኩባንያችሁ ፈቃድ አትፈርሙ፤ ውሉ ይህንንም ይከለክላል።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ በባጃጅ መንገድ በኩል ቀስ ብዬ ስሄድ የመኪናዬ ስፖኪዮ የአንድ ልጅ ክንድ ነካ። ስፖኪዮው ታጠፈ እንጂ አልተሰበረም። ልጁ "ደህና ነኝ" ብሎ ሄደ። ምንም ጉዳት ስለሌለ ማሳወቅ አለብኝ?

መልስ፦ አለብህ። እስካሁን የተናገርኩት ሒሳብ ሁሉ ለቆርቆሮና ለቀለም ነው። ሰው የተነካ ቀን ሒሳብ የለም።

ልጅ ሲደነግጥ ደህና ነኝ ይላል፤ የሚፈራው አንተን ሳይሆን ቤት ሲገባ የሚቆጡትን ነው። ክንዱ ማታ ያብጣል። በማግሥቱ ቤተሰቡ ታርጋህን ይዞ ፖሊስ ጋ ይሄዳል፤ ያኔ "ገጭቶ ያመለጠ" ተብለህ ነው የምትጠራው። ቆሞ መርዳትና ለፖሊስ ማሳወቅ የአሽከርካሪ ግዴታ ነው። የሦስተኛ ወገን ሽፋንህ አስቸኳይ ሕክምናን ይጨምራል፤ ለዚህ ነው የተከፈለው። ያለፈው ቢያልፍም ዛሬውኑ ወደዚያ ሰፈር ተመለስ፣ ልጁን ፈልገው፣ ከቤተሰቡ ጋር ሆናችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ከዚያ ፖሊስ ጋ ሂድና በራስህ አንደበት ተናገር። ራሱ የመጣ ሰውና ተፈልጎ የተገኘ ሰው እኩል አይታዩም።

የገጫቸው ሰው ያመለጠባቸው ወይም ኢንሹራንስ የሌለው ተሽከርካሪ የጎዳቸው ደግሞ አካላቸው ከተጎዳ የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎትን ይጠይቁ፤ ለዚያ የተቋቋመ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ ቸኩዬ አሠራሁት፤ ደረሰኝ አለኝ። አሁን መጠየቅ እችላለሁ?

መልስ፦ በጣም ከባድ ነው። ገማቹ ያላየውን ጉዳት ኩባንያው አይቀበልም። የተቀየሩት አሮጌ ዕቃዎች አሉ? ፎቶስ? ካሉ ሞክር፤ ብዙ ተስፋ ግን አልሰጥህም።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ አዲስ አበባ ያለችው መኪናዬ በስሜ ናት፤ ታናሽ ወንድሜ ይነዳታል። ኢንሹራንሱም በእኔ ስም ነው። ባለፈው ሳምንት ፍሬቻዋንና የፊት ባምፐሯን ሰብሯል። እኔ ሳልመጣ ይሠራል? መኪናዋ ኢንሹራንስ የገባችው በ900 ሺህ ብር ግምት ነበር፤ ዓመታት አልፈውታል።

መልስ፦ ወንድምዎ ለዚያ መኪና የሚበቃ መንጃ ፈቃድ ካለው፣ ውሉም "እገሌ ብቻ ይንዳ" ካላለ መንዳቱ ችግር የለውም። ማሳወቅም ይችላል፤ ገንዘብ ለመቀበልና ለመፈረም ግን ውክልና ያስፈልገዋል፤ ኤምባሲ በኩል ይላኩለት። አንድ ሳምንት ማለፉ ግን ያሳስበኛል። ዛሬ ይሂድ፣ የዘገየበትን ምክንያትም በጽሑፍ ያስረዳ።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበኝ ያ 900 ሺህ ነው። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ መተመን ከጀመረ ወዲህ የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ ሶማሌ ተራ የሄደ ሁሉ ያውቃል። ሕጉ ንብረትዎን ከዋጋው በታች ካስገቡ ለጎደለው ራስዎን እንደ መድን ሰጪ ይቆጥርዎታል። መኪናዋ ዛሬ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብታወጣ ያስገቡት ግማሹን ነው። ጉዳቱ 60 ሺህ ቢሆን ኩባንያው 30 ሺህ ላይ ሊቆም ይችላል፤ ከዚያ ላይ ደግሞ ተቀናሽ አለ። ሰው ይህን የሚሰማው አደጋ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ካሳ ክፍል ውስጥ ትልቁ ጭቅጭቅ የሚነሳውም እዚህ ላይ ነበር። እናንተም ሁላችሁ ውል ስታድሱ ያለፈውን ዓመት ቁጥር ዝም ብላችሁ አታስገልብጡ። አረቦኑ ይጨምራል፣ አዎ።

ጥያቄ (ከቃሊቲ)፦ ኮድ 2 (የግል) መኪናዬን አልፎ አልፎ ተሳፋሪ አሳፍርበታለሁ። ተሳፋሪ ይዤ ተጋጨሁ። ልንገራቸው?

መልስ፦ ውሸት አትናገር፤ ተሳፋሪው ምስክር ሆኖ ይመጣል። ለግል አገልግሎት የተገባ ውል ለገበያ ሲውል ኩባንያው ላለመክፈል በቂ ምክንያት አለው። የራስህ መኪና ላይ የደረሰው ትንሽ ከሆነ ከኪስህ አሠራው፤ ከእንግዲህ ግን ውሉን አስቀይር። የአንተ ዓይነቱን ሥራ በትክክለኛው ሽፋን ማስገባት ይቻላል።

ጥያቄ (ከሰሚት)፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ተመልሼ መጣሁ። ከመልስዎ በኋላ የኋላውን በር በጣቴ ለካሁት። በግራ በኩል ጣቴ ይገባል፣ በቀኝ አይገባም። ጋራዥ ወስጄ ባምፐሩን አስፈታሁት፤ ውስጡ ያለው ብረት ታጥፏል፣ ወለሉም ገባ ብሏል፣ የቀኙ መብራት መያዣም ተሰብሯል። አሁን 64 ሺህ አሉኝ። ማመልከቻውን ጠዋት አስገብቼ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይዣለሁ።

መልስ፦ እሰይ፣ በቀኑ በማስገባትሽ። አሥር በመቶው 6,400 ነው፤ እጅሽ የሚገባው 57,600። ከምታጪው 36 ሺህ በደንብ ይበልጣል። ጠይቂ። ጋራዡን አሁኑኑ ደውለሽ ባምፐሩን መልሰው እንዳይገጥሙት ንገሪያቸው፤ የተሰበረውንም ዕቃ አይጣሉ። ገማቹ ሲመጣ እንደተፈታ ይየው።