ቻርጅ አልቀበል ያለውን ላፕቶፕ ማዘርቦርድ ከማስቀየርሽ በፊት

ሰላም እህት ዓለም፣ ጥያቄሽን ያየሁት ትናንት ማታ ነው። ሌሎችም እንዲከታተሉት በአጭሩ ልድገመው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የማስተርስ ጽሑፍሽን እየጻፍሽ ነው። ላፕቶፕሽ ዴል ላቲቲዩድ፣ 8ኛ ትውልድ ኮር አይ 5፣ 8 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ነው። የድሮው ቻርጀር ተቃጥሎ ሌላ ከገዛሽ ወዲህ «ተሰክቷል፣ ግን ቻርጅ አያደርግም» ይላል፤ ማሽኑም በጣም ተንቀራፏል። ጥገና ቤት ስትወስጂው «ማዘርቦርዱ (ዋናው ቦርድ) ላይ ያለው ቻርጂንግ አይሲ፣ ባትሪ መሙላቱን የሚቆጣጠረው ቺፕ፣ ሄዷል፣ ባትሪውም አብሮ ይቀየር» አሉሽ። አሁን ላሠራው፣ ራም ልጨምርበት ወይስ እንዳለ ልሽጠው ነው ያልሽው።

መልሴ፦ ለጊዜው ምንም አትግዢ፣ አትሽጪውም። ከጻፍሽው ሁሉ ቀልቤን የሳበው አንድ ነገር ነው። አለመሙላቱም መንቀራፈፉም የጀመሩት ቻርጀር በቀየርሽ ማግስት ነው። ሁለት የተለያየ በሽታ በአንድ ቀን የሚይዘው ማሽን ብዙ አይገጥምም።

ክብ ጫፍ ያለው የዴል ቻርጀር ሁለት ሽቦ ብቻ አይደለም ያለው። የጫፉ የውጭ ብረት ኔጋቲቭ ነው፤ የውስጡ ግድግዳ 19.5 ቮልት ይይዛል፤ መሃሉ ላይ ደግሞ እንደ መርፌ የቀጠነች ፒን አለች። ያቺ ፒን ኃይል አታስተላልፍም። ቻርጀሩ ውስጥ ያለች ትንሽ ቺፕ በእሷ በኩል «እኔ 65 ዋት ነኝ»፣ «90 ዋት ነኝ» ብላ ለላፕቶፑ ትናገራለች። ላፕቶፑ ይህን ካልሰማ ምን ያህል ኃይል መሳብ እንዳለበት ስለማያውቅ ራሱን ይጠብቃል፤ ባትሪውን መሙላት ይተዋል፣ ፕሮሰሰሩንም ወደ 0.8 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያወርደዋል። ማሽኑ ይበራል፣ ይሠራል፣ ግን አንድ ፋይል ለመክፈት ያስጠብቅሻል። አንቺ የጻፍሽው ምልክት ቁጭ ይኼንኑ ነው።

ዛሬ ማታ በነጻ ማረጋገጥ ትችያለሽ። ላፕቶፑን አጥፊ፣ ቻርጀሩን ስኪ፣ ስታበሪው ኤፍ 2ን ደጋግመሽ ተጫኚ። ባዮስ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት የሚመጣው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ፣ ሲከፈት የባትሪ መረጃ የሚለውን ፈልጊ፤ እዚያ የቻርጀሩ ዓይነት ይታያል። 65 ወይም 90 ዋት ብሎ ከጻፈ ቻርጀሩ ተናግሯል፣ ተሰምቷልም። «አልታወቀም» የሚል ከሆነ ግን ወሬው መንገድ ላይ ቀርቷል። ሁለተኛ ማረጋገጫ፦ ዊንዶውስ ውስጥ ታስክ ማናጀር ከፍተሽ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሲፒዩ በሚለው ሥር ፍጥነቱን እዪ። ቻርጀሩ ተሰክቶ ሳለ 0.8 ላይ ተቸክሎ፣ ስትነቅዪው ወደ 2 እና 3 ከወጣ ጥፋቱ ባትሪው ላይ አይደለም።

ከዚያ ከጓደኛሽ ኦሪጅናል የዴል ቻርጀር ተውሰሽ ሞክሪ። ከሞላ ነገሩ አለቀ፣ ቻርጀር ብቻ ነው የምትገዢው። በእሱም «አልታወቀም» ካለ ቀጥሎ የሚጠረጠረው የቻርጀር መሰኪያው ነው። በአብዛኞቹ ላቲቲዩዶች ላይ መሰኪያው ከነሽቦው ለብቻው ተነቅሎ የሚቀየር ትንሽ ዕቃ ነው፤ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ አይደለም። ማዘርቦርድ የሚጠረጠረው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንቺ ጋ ግን መጀመሪያ የተፈረደበት እሱ ነው፣ ይኼ ነው ያናደደኝ።

እኔም በዚሁ መንገድ ገንዘቤን አባክኜ ነው የተማርኩት። ሁለት ክረምት ሆኖታል፣ አዘዞ የምሠራበት ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ላፕቶፔ እንዳንቺው መሙላት አቆመ። «ባትሪ ነው» አሉኝ፣ ባትሪ ገዛሁ፤ ያው ሆነ። «ቦርድ ነው» አሉኝ፣ ለሦስት ሳምንት ተወሰደብኝ፤ ያው ሆኖ ተመለሰ። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዬ የራሱን ቻርጀር ሲሰካበት የባትሪዋ መብራት ቦግ አለች። ማታ ቤት ገብቼ የኔን ቻርጀር ገመድ ከጫፉ አራት ጣት ያህል ርቄ በምላጭ ሰነጠቅሁት። ጎማው ሲገለጥ መጀመሪያ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ መዳብ አለ፤ እሱ ደህና ነው። በውስጡ ሌላ ሽፋን አለ፣ በዚያ ውስጥ የኃይሉ ሽቦ፤ እሱም ደህና ነው። ከጎኑ እንደ መስፊያ ክር የቀጠነ ሽቦ ነበረ። ቀስ ብዬ ሳብ ሳደርገው ምንም ሳይታገለኝ ወጣ። ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል። ቴስተር ያለው ሰው 19.5 ቮልቱን ለክቶ «ቻርጀሩ ደህና ነው» ይልሻል፤ እውነቱን ነው፣ ኃይሉ ደህና ነው፤ የተቆረጠው ወሬው ነው። ገመዱን አዳፕተሩ ላይ አጥብቄ የምጠቀልለው እኔው ነበርኩ፤ ቀጭኑ ሽቦ የሚበጠሰው በዚያ እጥፋት ላይ ነው። ገመድሽን ሰፋ አድርገሽ ጠቅልዪ።

አዲስ ስትገዢ የአዳፕተሩን ጀርባ አንብቢ። መግቢያው ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ መውጫው 19.5 ቮልት 3.34 አምፔር ከሆነ 65 ዋት ነው፤ 4.62 አምፔር ከሆነ 90 ዋት። 65 ለሚፈልግ ማሽን 90 ቢሰኩበት አይጎዳውም፤ በተቃራኒው ነው ችግሩ። እዚያው ሱቅ ውስጥ ባዮስ ከፍተሽ ዋቱን ሳታዪ ገንዘብ አትስጪ።

ባትሪው ራሱስ? በግምት አይነገርም፣ ይለካል። የትእዛዝ መስኮቱን፣ ኮማንድ ፕሮምፕት የሚባለውን ጥቁሩን ገጽ ክፈቺና powercfg /batteryreport ብለሽ ጻፊ፤ ከሰረዙ በፊት አንድ ክፍት ቦታ ተይ። የት እንዳስቀመጠው ራሱ ይነግርሻል፣ በብሮውዘር ይከፈታል። ሁለት ቁጥር ፈልጊ፦ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅምና ዛሬ ሲሞላ የሚይዘው። ለምሳሌ 51,000 የነበረው ዛሬ 31,000 ከያዘ 60 በመቶ ገደማ ቀርቶታል ማለት ነው፤ ያረጀ እንጂ የሞተ አይደለም፣ ጽሑፍሽን ያስጨርስሻል። ከግማሽ በታች ከወረደ ባትሪ አስቢ። የታችኛው ሽፋን ካበጠ ወይም ታችፓዱ ወደ ላይ ከተገፋ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በዚያው ቀን መጠቀም አቁሚ፣ አትጫኚው፣ አትብሺው፣ ባትሪው ይውጣ። አዲስ ባትሪ ስትገዢም የተመረተበትን ጊዜ እዪ፣ ሊቲየም ባትሪ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃል።

እዚህ ጎንደር መብራቱ እንደሚመላለስ አንቺም ታውቂዋለሽ። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ስለዚህ ደህና ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ዩፒኤስ አያስፈልገውም። ክፉው ሰዓት መብራት ሲመጣ ነው። የሰፈሩ ምጣድና ፍሪጅ ሁሉ በአንዴ ሲነሳ ቮልቴጁ ይዘልላል፣ ይወርዳል፣ አንዳንዴ እንደገና ይጠፋል። መብራት በሄደ ቁጥር ቻርጀሩን ከሶኬቱ ንቀይ፤ ከመጣ በኋላ አምፖሉ መርገቡን አይተሽ አሥር ደቂቃ ያህል ቆይተሽ ስኪ። ስታብላይዘር ልግዛ ለሚሉ፦ የላፕቶፕ ቻርጀር እስከ 100 ቮልት ዝቅ ቢልም ስለሚቀበል የቮልቴጅ መውረድ ብዙም አያስፈራውም፤ የሚገድለው ድንገተኛው ጭማሪ ነው፣ ለዚያ ደህና የሰርጅ መከላከያ ያለው ዲቫይደር ይሻላል። ሐምሌና ነሐሴ ነጎድጓድ ሲጀምር ግን ማንኛውም መከላከያ ከመንቀል አይበልጥም። የኢንተርኔት ገመድ ካለሽ እሱንም ንቀይ።

ባዮስ ውስጥ ባትሪው እስከ ስንት እንዲሞላ መወሰን ይቻላል። ሁልጊዜ ተሰክቶ ለሚውል ሰው 80 በመቶ ላይ ማቆም የባትሪውን ዕድሜ ያረዝማል። ፈረቃ በበዛበት ሳምንትና ዲፌንስሽ ሲቀርብ ግን 100 ይሙላ። ባትሪው የተገዛው ለአንቺ ነው፤ ለባትሪው ብለሽ ጨለማ ውስጥ አትቀመጪ።

አሁን ወደ ፍጥነቱ። የቻርጀሩ ጉዳይ ተፈትቶም ዊንዶውስ እስኪነሳ ቡና ተፈልቶ የሚደርስ ከሆነ ምክንያቱ ሃርድ ዲስኩ ነው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ያነባል፤ በቺፕ ላይ የሚያስቀምጠው አዲሱ የዲስክ ዓይነት፣ ሳታ ኤስኤስዲ፣ እስከ 550። ከዚህም በላይ ልዩነቱ የሚሰማሽ በትንንሽ ፋይሎች ላይ ነው፤ ሃርድ ዲስኩ ለእያንዳንዱ ፋይል መርፌውን ማንቀሳቀስ አለበት፣ ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። እኔ አንድ ብር ካለሽ ኤስኤስዲ ላይ አውጪው እላለሁ፣ ራም ላይ አይደለም። 8 ጊጋ ለወርድ፣ ለስታቲስቲክስ ፕሮግራሙ ለኤስፒኤስኤስና ለጥቂት የብሮውዘር ገጾች ይበቃል። ታስክ ማናጀር ላይ ሜሞሪው ሥራ ላይ ሳለሽ ሁልጊዜ ከ85 በመቶ በላይ ከሆነ ያኔ ራም ጨምሪ። እዚያው ገጽ ላይ ከስንት መክተቻ ስንቱ እንደተያዘ ይጽፋል፤ ከሁለት አንዱ ከሆነ አንድ 8 ጊጋ ዲዲአር 4 የላፕቶፕ ራም መጨመር ነው። ዲዲአር 3 ይዘው «ይገባል» ቢሉሽ አይገባም፣ ጥርሱ ላይ ያለው ክፍተት ቦታው ሌላ ነው፤ እንዳይገፉት።

ከመግዛትሽ በፊት ሽፋኑን ከፍተሽ ምን ዓይነት ቦታ እንዳለ እዪ፦ 2.5 ኢንች ሳታ ነው ወይስ ማስቲካ የመሰለችው ኤም 2? ኤም 2 ከሆነች ሳታ ወይስ ከሳታ የሚፈጥነውን ኤንቪኤምኢ እንደምትቀበል በሞዴሉ ቁጥር አረጋግጪ፣ በመልክ ይመሳሰላሉና ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ማንኛውም ብሎን ከመፈታቱ በፊት ግን ጽሑፍሽን አስቀምጪ። አንድ ፍላሽ ላይ፣ አንድ ጉግል ድራይቭ ላይ። ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) በርቶ ከሆነ የመክፈቻ ቁልፉን ጻፊ፣ አለበለዚያ ባዮስ ከተነካ በኋላ ራስሽን ውጭ ታገኛለሽ። ከዚያ አጥፊ፣ ቻርጀሩን ንቀይ፣ ብሎኖቹን ፈትተሽ ሽፋኑን ባረጀ ኤቲኤም ካርድ ዙሪያውን ቀስ እያልሽ አላቅቂ፤ በዊንዲቨር አትፈልቅቂው። መጀመሪያ የሚነቀለው የባትሪው ሶኬት ነው፤ ያን ሳትነቅዪ ራምም ዲስክም አትንኪ። ፓወር ቁልፉን 30 ሰከንድ ይዘሽ የቀረውን ኃይል አፍስሽ። ብሎኖቹን ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ቅርጽ ስለሽ በየቦታቸው አስቀምጪ፤ ርዝመታቸው ይለያያል፣ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ቦርድ ይወጋል። ራሙን በግማሽ ዘንበል አድርገሽ አስገቢና ግራና ቀኝ ያሉት ቆንጣጮች ቀጭ እስኪሉ ወደ ታች ተጫኚ። በመጀመሪያው ማብራት ስክሪኑ ለትንሽ ጊዜ ጥቁር ሊሆን ይችላል፣ አትደንግጪ፣ አዲሱን ራም እየተላመደ ነው። ጨርሶ ካልበራና የባትሪዋ መብራት 2 ጊዜ ከዚያ 3 ጊዜ ብልጭ ካለች ራሙን አላገኘሁትም እያለሽ ነው፤ አውጥተሽ እንደገና አስገቢው።

እንዲያው ተከፍቶ ሳለ ደጋፊውን እዪው። የበጋ አቧራችን በክንፎቹና በራዲያተሩ መካከል እንደ ጥጥ ይጋገራል። በለስላሳ ብሩሽ አንሺው፣ ስትነፊበት ደጋፊውን በጣትሽ ያዢው እንዳይሽከረከር። አልጋ ላይ በጋቢ አስቀምጦ መሥራትም ይቅር፣ አየር የሚገባው ከታች ነው።

ኤስኤስዲውን ስታስገቢ ዊንዶውስ 10ን መልሰሽ አትጫኚ። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል፤ ያንቺ 8ኛ ትውልድ ስለሆነ ዊንዶውስ 11ን በመደበኛ መንገድ ይቀበላል። ለመሸጥ የማልመክርሽም ለዚህ ነው።

የባዮሱን የባትሪ ገጽና የአዳፕተሩን ጀርባ ፎቶ አንሥተሽ እዚሁ ለጥፊልኝ። በውሰት የምታገኚው ቻርጀር ካጣሽ አርብ ከሥራ ስወጣ ፒያሳ እወርዳለሁ፣ 65 ዋት ኦሪጅናሌን ይዤ እመጣለሁ፤ አምስት ደቂቃ ሰክተን እናየዋለን።