ቢጫው ቅጠል ውሃ አልጠማውም

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ፖቶስና ሳንሴቬሪያ የሚባሉ ተክሎች አሉኝ። የገዛኋቸው «ምንም አያስቸግሩም» ተብዬ ነበር። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግን የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ እየሆኑ ይረግፋሉ፤ ፖቶሱማ ጭራሽ ጠውልጓል። ውሃ አቋርጬባቸው አላውቅም። ስነካቸው ከአፈሩ ላይ ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ይነሳሉ። ምን መድኃኒት ልርጭ?

መልስ፦ መድኃኒቱን ለጊዜው ይተዉት። ችግሩን የነገረችኝ «ውሃ አቋርጬባቸው አላውቅም» የምትለዋ ቃልዎ ናት። ዝንቦቹም ይመሰክራሉ፤ እጫቸው የሚያድገው እርጥበት ባልተለየው አፈር ውስጥ ነው። ቅጠል በብርድም በብርሃን እጦትም ቢጫ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን የምጠረጥረው የሥር መበስበስን ነው።

ተክል ምግቡን የሚሠራው በብርሃን ስለሆነ፣ ቀኑ ሲጠቁርና ቤቱ ሲቀዘቅዝ እድገቱም የሚጠጣው ውሃም ይቀንሳል። እርስዎ ግን በበጋው ልክ ማጠጣቱን ቀጠሉ። በአፈሩ ውስጥ አየር የሚያድርባቸው ክፍተቶች በውሃ ሲሞሉ ሥሩ ኦክስጅን አጥቶ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ ስለማይስብ ተክሉ እርጥብ አፈር ላይ ቆሞ ይጠወልጋል። ባለቤቱም ጠማው ብሎ ይጨምርበታል!

አሁን የሚያስፈልግዎ አንድ ያልተቀባ ቀጭን እንጨት ብቻ ነው። ከግንዱ ትንሽ ራቅ አድርገው ወደ መትከያው ግርጌ ይስደዱት፤ 10 ደቂቃ ያህል ቆይተው ያውጡት። አፈር ከተጣበቀበት ወይም ረጥቦ ከጠቆረ፣ ላዩ ደርቆ ቢያዩትም እንኳ አያጠጡ። ለፖቶስ ከላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህሉ ደርቆ ሲያገኙት ያጠጡ። ሳንሴቬሪያ ግን ውሃ በወፍራም ቅጠሉና በሥሩ ያጠራቅማልና እንጨቱ እስከ ግርጌው ደርቆ ካልወጣ አይንኩት፤ በክረምት ወር ሙሉ ያለ ውሃ ቢቆይ ምንም አይሆንም። ሲያጠጡ ከታች እስኪወርድ ያጠጡ፣ ከሥሩ ባለው ሳህን ላይ የተጠራቀመውን ግን ወዲያው ይድፉት። የላዩ አፈር ሲደርቅ ዝንቦቹም እየጠፉ ይሄዳሉ።

ሰኞና ሐሙስ ብሎ በቀን ቆጠራ ማጠጣትን እባካችሁ ተዉት። ተክሉ ቀን አይቆጥርም። ሌላው በየቤቱ የማየው ቀዳዳ የሌለው የሚያምር መትከያ ነው፤ ከታች ጠጠር ተደርጎበታል ብላችሁ አትጽናኑ። ውሃው መውጫ ስለሌለው ከጠጠሩ ላይ ያለው አፈር እንደረጠበ ይቀራል። ይብሱት።

ማዳበሪያ አዲስ ቅጠል ማውጣት እስኪጀምሩ ድረስ ይቆይ። መትከያዎቹን ወደ መስኮት ያስጠጉ፣ ቅጠላቸው ግን ቀዝቃዛውን መስታወት አይንካ።

አፈሩ የሚሸት ከሆነ ተክሉን አውጥተው ለስላሳና ቡናማ የሆነውን ሥር በንጹሕ መቀስ ይቁረጡና ውሃ በሚያሳልፍ አዲስ አፈር ይትከሉት። ቢጫ የሆነው ቅጠል ተመልሶ አይለመልምምና ይቀንጥሱት። ለማንኛውም ከፖቶሱ ጤነኛ ሐረግ አንዱን ከአንጓው በታች ቆርጠው ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ያቁሙት፤ በጥቂት ሳምንታት ሥር ያወጣል፣ ዋናው ባይተርፍ እንኳ ምትክ ይኖርዎታል።