ለጫሞ ትልልቅ ዓሦች የሚሆን መረብ፦ ከእጀታው በፊት ቀለበቱን እየው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቅዳሜና እሁድ ከጓደኞችህ ጋር ጫሞ ሐይቅ ላይ ከጀልባ በመንጠቆ ታጠምዳለህ፤ ሁለት ትልልቅ ናይል ፐርች ጀልባው ጥግ ድረስ መጥተው አመለጡህ፤ ሚኔሶታ የሚኖረው ወንድምህ ለገና ሲመጣ ባለ እጀታ ማውጫ መረብ ሊያመጣልህ ነው። የጠየቅኸው እጀታው 2 ሜትር ይሁን 3 ሜትር ብለህ ነው። እጀታውን ለጊዜው ተወው። ከጀልባ ላይ 1 ሜትር ተኩል በቂ ነው። ትልቅ ዓሣ የሚያስመልጠው የቀለበቱ ጥበትና የመረቡ ከረጢት ጥልቀት ማነስ ነው።

ይህን የተማርኩት ዓሣ ከፍዬበት ነው። የመጀመሪያው መረቤ እጀታው ረጅም፣ ቀለበቱ ግን ከእንጀራ ምጣድ ያነሰ ነበር። አንድ ረፋድ ላይ 1 ሜትር የሚያህል ናይል ፐርች ደክሞ በጎኑ ተኛልኝ፤ በዚህ ርዝመት ያለ ዓሣ ከ10 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ጓደኛዬ መረቡን በጅራቱ በኩል ሰደደው። ጅራቱ ሲነካ ዓሣው አዲስ ጉልበት ያገኘ ይመስል ተስፈነጠረ፤ ከአፉ ጎን የተንጠለጠለው ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆም በመረቡ ጠርዝ ላይ ተሰካ። ግማሽ አካሉ ከቀለበቱ ውጭ ነው፤ ክሩ ሊሳብ አይችልም፤ መረቡም ሊነሣ አይችልም። ሁለት ጊዜ ራሱን ወዘወዘ፣ መንጠቆው ከከንፈሩ ተላቀቀ። በቢጫ የተከበበው ጥቁር ዓይኑ ወደ ታች ሲሰወር አሁንም ይታየኛል።

ስለዚህ የቀለበቱ ስፋት ከ75 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ከረጢቱ ደግሞ ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር ይጥለቅ። ዓሣው ከገባ በኋላ ቀለበቱ ሲዞር አፉ የሚዘጋው ከረጢቱ ጥልቅ ከሆነ ብቻ ነው። በእንግሊዝ ካርፕ የሚያጠምዱ ሰዎች የሚወዱት ባለ ሦስት ማዕዘን መረብ አለ፤ ሁለት ክንድና ከፊት የተወጠረ ገመድ ያለው። ከዳርቻ ለሚያጠምድ መልካም ነው። ለጀልባ ግን ዙሪያውን ጠንካራ ብረት የሆነውን እመርጣለሁ፤ ጠርዙን በእጅህ ጨብጠህ የምታነሣው እሱን ነውና። ወንድምህ ባለበት በሚኔሶታ መስኪ የሚባለውን ረጅም ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ሰፊና ጥልቅ መረብ ስለሚይዙ፣ መደብር ገብቶ የመስኪ መረብ ብሎ ቢጠይቅ ያገኛል።

የመረቡን ክር በተመለከተ ብዙ ሰው ርካሹን ቋጠሮ ያለው ናይለን ይገዛል። እኔ አልመክርህም። ቋጠሮው የዓሣውን ቅርፊትና ሰውነቱን የሸፈነውን ሙልጭልጭ ልባስ ይፍቃል፤ ያ ልባስ ከበሽታ የሚከላከልለት ነው። አንተ ደግሞ አንዳንዱን መልሰህ እንደምትለቅ ጽፈሃል። ጎማ የተቀባውን ውሰድ። መንጠቆ ቢሰካበት በቀላሉ ይወጣል፤ ውሃና ሽታም አይዝም። ውሃ ውስጥ ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ትለምደዋለህ። የመረቡ ዓይን በጣም ሰፊ አይሁን፤ ሰፊ ከሆነ የጅራቱ ክንፍ ሾልኮ ገብቶ ይሰነጠቃል። አምባዛም ብትይዝ የጎን ክንፉ እሾህ እዚያው ይሰካና ለማላቀቅ ስትታገል ትውላለህ።

አያያዙ ከግዢው አይተናነስም። መረቡን አንተ አትያዝ፤ የማጥመጃ ዘንጉን ከያዝክ መረቡን ለጓደኛህ ስጥ። ጓደኛህ መረቡን ውሃ ውስጥ አስጠልቆ ዝም ብሎ ይቆይ፤ ዓሣውን አያሳደው። አንተ ዓሣውን በራሱ በኩል ወደ ቀለበቱ ምራው፤ ራሱ ጠርዙን ሲያልፍ ክሩን ላላ አድርግለት። ዓሣ ወደ ኋላ መዋኘት ስለማይሆንለት ራሱ ወደ ከረጢቱ ይወርዳል። ከዚያ እጀታውን እንደ ጭልፋ አግድም አታንሡት። እጀታ የሚሰበረው ያኔ ነው፤ በተለይ ታጣፊ ከሆነ መጋጠሚያው ላይ። እጀታውን ወደ ሰማይ አቁማችሁ፣ የቀለበቱን ጠርዝ በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ጀልባው ሳቡ።

አደራ የምልህ አንድ ነገር አለ። ጫሞ የአዞ ሐይቅ ነው። በሌላ አገር ዓሣውን መረቡ ውስጥ እንዳለ ውሃ ውስጥ አቆይተው መንጠቆውን በእርጋታ ይነቅላሉ፤ ለዓሣው የሚሻለውም ያ ነው። እዚህ ግን እጅህን ውሃ ውስጥ ከትተህ እንዳትቆይ። ፒንሳህ ቀድሞ ይዘጋጅ፣ የጀልባው ወለል በውሃ ይርጠብ፣ ዓሣውን አውጥተህ ፈጥነህ ልቀቀው። ስትይዘውም ጣትህን ወደ ስንጥቡ አታስገባ፤ የናይል ፐርች የስንጥብ ክዳን ሹል እሾህ አለው፣ እጅ ይቆርጣል። ወፍራም ጓንት አድርገህ የታችኛውን መንጋጋ ጨብጥ። ከመረብህ የሚበልጥ ከመጣብህም (ናይል ፐርች ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ሊያድግ ይችላል) መረቡን ትተህ ሁለት ሆናችሁ በዚሁ መንገድ ያዙት።

አሁን ወደ ወንድምህ ሻንጣ እንምጣ። 80 ሴንቲ ሜትር ቀለበት ለአውሮፕላን ጉዞ ያስቸግራል፤ የሚታጠፈውን ልግዛ ካለ ደግሞ መጋጠሚያው ያሳስበኛል። እኔ ብሆን ጎማ የተቀባውን ከረጢት ብቻ አስመጣለሁ፤ ለብቻው ይሸጣል፣ ተጠቅልሎም ከልብስ ጋር ይገባል። ቀለበቱንና እጀታውን አርባ ምንጭ ውስጥ ከብየዳ ቤት አሠራ። ፌሮ አይሁን፣ ሻካራው ገጽታው መረቡን ይበላዋል፤ ለስላሳ ክብ ብረት ይሁን። ብየዳው በሞረድ ይለስልስ፣ ከዚያ የውሃ ጎማ በቁመቱ ሰንጥቀህ ቀለበቱ ላይ አልብሰው፣ ከረጢቱን በዚያ ላይ እሰረው። ብረት ስለሆነ ከእጅ ካመለጠ ይሰምጣል፤ እጀታው ጫፍ ላይ የተከደነ ባዶ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን በገመድ አስርበት። የእኔ እንዲህ የተሠራ ነው፤ ለመለካት ከፈለግህ ቅዳሜ ጠዋት ከመነሣታችን በፊት ጀልባው ዘንድ ና።