አያቲቱን በር ላይ አታስቀሩ

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት ገና ሥራ የጀመረች ነርስ ደወለችልኝ። የምትሠራው የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። "ሲስተር፣ የሕፃኑ ሁኔታ አሳሳቢ ሲሆን ለቤተሰቡ የሚነገረው መቼ ነው? ለማንስ ነው የሚነገረው?" አለችኝ። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ነበረኝ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው። ሁለተኛው ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

በወጣትነቴ አንድ ሆስፒታል ስሠራ አንዲት እናት ከገጠር መጥታ በሰባት ወሯ ወለደች። ልጁ 1,300 ግራም ነበር። ማሞቂያ ክፍል ገባ። እሷ ደህና ስለነበረች በማግስቱ መውጫ ተጻፈላት፤ አልጋው ይፈለጋል። የት ትሂድ? ቤቷ ብትሆን ገንፎ ተገንፍቶላት፣ ብርድ እንዳያገኛት በር ተዘግቶላት የምትተኛ አራስ፣ ኮሪደር ላይ ባለ አግዳሚ ወንበር ነጠላዋን ተከናንባ ታድር ጀመር።

በየሦስት ሰዓቱ እየተጠራች ጡቷን በመድኃኒት መለኪያ ኩባያ ታልባለች። መጀመሪያ ላይ የኩባያውን ሥር እንኳ የማይሸፍን ቢጫ ጠብታ ነበር። "ይቺ ምን ትሆነዋለች?" ብላ ታፍራለች። እኛ በስሪንጅ ስበን፣ በአፍንጫው በገባው ቀጭን ቱቦ እንሰጠዋለን። ቀስ በቀስ ወተቱ መጣ። ልጁም ኪሎ መጨመር ጀመረ። ሚዛን ላይ 20 ግራም ስትጨመር የሚሰማውን ደስታ እናንተም ታውቁታላችሁ።

አማቷ፣ የልጁ አያት፣ በር ላይ ነበሩ። አጥሚት በፔርሙስ ይዘው ይመጣሉ፣ ጥበቃው አያስገባቸውም። ደንቡ "እናት ብቻ" ይላል። ለእናቲቱም ቢሆን የሚነገራት ቆማ፣ ሐኪሞች በሽተኛ በሚያዩበት ራውንድ መሐል፣ ግማሹ በእንግሊዝኛ ነው። ወጥታ ለአማቷ ምን ትበል? "ቱቦ አለበት፣ ኦክስጅን አለበት" ትላለች። እሳቸው ደግሞ ቱቦ ሲባል የሚያውቁት ሊሞት ለተቃረበ ሰው ነው። አንድ ቀን ማታ "የሚሞት ልጅ ስትጠብቂ አንቺም እንዳትሞቺብኝ፤ ያሉሽን አሳድጊ" ብለው ይዘዋት ሄዱ።

ክፍሉ ውስጥ "ጥላው ጠፋች" ተባለ። ልጁ የቆርቆሮ ወተት ጀመረ። ከቀናት በኋላ ሆዱ ተነፋ፣ ኢንፌክሽን ገባበት፣ አረፈ። የገደለው ወተቱ ነው ብዬ አልምልም። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን አንጀት የእናቱን ወተት እንደሚፈልግ ግን ዛሬ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

እናቲቱ ተመልሳ መጣች። ወተቷ ፈስሶ ቀሚሷ ርሶ ነበር ይላሉ። እኔ ተረኛ አልነበርኩም። መርዶውን ያረዳት ጥበቃው ነው፣ እዚያው በር ላይ።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። አያቲቱ አንድ ጊዜ ገብተው ልጁ እጁን ሲያወናጭፍ ቢያዩ ኖሮ፣ ይዘዋት የሚሄዱ ሴት አልነበሩም።

እና ለማን ይነገር? ለእናት፣ ለአባት፣ በዚያ ቤት ቃሉ ለሚሰማ ሰው። አስቀምጣችሁ፣ በአማርኛ፣ ወይም በሚገባቸው ቋንቋ። ቱቦው ለምን እንደገባ አሳዩዋቸው። እኔ ሲፓፕ፣ በአፍንጫ አየር እየገፋ መተንፈስን የሚያግዘው መሣሪያ፣ በውሃ ጠርሙስ ሲሠራ ለአባቶች ማሳየት እወድ ነበር። ቱቦው ውሃው ውስጥ አምስት ሴንቲ ሜትር ከጠለቀ ግፊቱ በዚያው ልክ ነው፤ ውሃው ሲንተከተክ አየሩ እየሄደ ነው። አንድ ገበሬ አባት አንድ ጊዜ ካሳየሁት በኋላ አረፋው ሲቆም ቀድሞን የሚጠራ እሱ ሆነ!

እናትን እንደ ጠያቂ ማየት ደግሞ ይቅር። ገላ ለገላ ማቀፍ፣ የካንጋሮ እንክብካቤ የምትሉት፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ ቦጎታ ውስጥ የተጀመረው ማሞቂያ ስላልበቃ ነው። እኛም አገር የሕፃናት ሐኪሙ ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁ እና ባልደረባቸው አዲስ አበባ ላይ ሞክረውት፣ በጊዜ ከታቀፉት ሕፃናት የሞቱት ካልታቀፉት ያነሱ እንደነበሩ በ2005 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይታቀፉ፣ ከተወለዱ በኋላም ቶሎ ይጀመር ብሏል። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያው ይበርዳል፤ የእናት ደረት ጄኔሬተር አያስፈልገውም። ስለዚህ አግዳሚ ወንበር ላይ የምትተኛ እናት ካያችሁ አልጋ እስኪገኝላት አለቃችሁን ጨቅጭቁ።

ስለ እጅ መታጠብ አልመክራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ስለ ስልክ ግን ልናገር። የዛሬ ልጆች ከእኛ በብዙ ትበልጣላችሁ፣ ማሽኑን ትፈሩት የለም። ግን የሰው ልጅ ቱቦ ላይ ተኝቶ ቲክቶክ ላይ ሲወጣ አይቻለሁ፣ ደሜ ፈልቷል። ስልካችሁን ክፍሉ ውስጥ አታስገቡ። እንዲህ ብልም፣ አባትየው ጅዳ ሆኖ ልጁን በቪዲዮ ያየ ቀን ስልኩን የያዝኩለት እኔው ነኝ። በኦፕራሲዮን ወልዳ ሌላ ፎቅ ለተኛች እናትም የልጇን ፎቶ በራሷ ስልክ አንስታችሁ ውሰዱላት።

ልጁ ካረፈ "ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ" አትበሉ። ጎረቤቱ ሁሉ "እግዜር ይተካልሽ" ይላታል፣ ያ ይበቃታል። እኛ አገር ለጨቅላ ድንኳን አይጣልም፤ ለቅሶውን ለብቻዋ ነው የምትይዘው። ከፈለገች ትቀፈው። ስሙን ካወጣችለት በስሙ ጥሩት፤ "የእገሊት ልጅ" እያላችሁ ካርድ አታንብቡባት።

የዳነውን ስትሸኙ ደግሞ ለአያቲቱ ንገሩ። ቅቤ ማላስ የሚፈልጉት እሳቸው ናቸው፣ ከእናት ጡት ሌላ ምንም እንዳይሰጠው የሚጠብቁትም እሳቸው መሆን ይችላሉ። በጣም ትንሽ ሆኖ የተወለደ፣ ኦክስጅን ላይ የቆየ ልጅ በተወለደ በአራተኛው ሳምንት ገደማ ዓይኑ ተጎድቶ እንደሆነ በሐኪም መታየት አለበት። ቀጠሮውን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፋችሁ አትስጧቸው። "የሚካኤል ማግስት" ብትሏቸው ይመጣሉ።