ተርቧ ብርቅ ናት ከማለትህ በፊት ወረቀቷን እይ

«ጅማ ዞን ጎማ ወረዳ ከለቀምኩት ቡና 2 ሚሊ ሜትር የማትሞላ ጥቁር ተርብ ወጣች፤ ብርቅ ትሆን? እንዴትስ ላስመዝግባት?» ላልከው ወንድማችን፦

1ኛ፦ ፍሬውን ሁሉ አንድ ዕቃ ውስጥ አጭቀህ ከሆነ ያችን አስቀምጥና እንደገና ጀምር። ቡና ውስጥ ፍሬ ሰርሳሪው ጢንዚዛም የፍሬ ዝንብ ትልም ይኖራሉ፤ ሁለቱም የየራሳቸው ጥገኛ ተርብ (እጯ ተባዩን እየበላች የምታድግ) አላቸው። ስለዚህ አንድ ፍሬ በአንድ ብልቃጥ። ለክዳን የቁስል ሻሽ አይሆንም፣ ሾልካ ትወጣለች፤ ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ እሰርበት። በፕላስቲክ ከደፈንከው ደግሞ ያልበውና ይሻግታል። ተርቧ ስትወጣ ፍሬውን አትጣል፤ ሰንጥቀህ ምን እንደበላች እይ።

2ኛ፦ በማይክሮስኮፕ የእግር ጫፍ አንጓዎቿን ቁጠር። 4 ከሆኑ ፋይማስቲከስ ኮፊያን ጠርጥር። 5 ሆነው በአንቴናዎቿ መሃል ሹካ መሰል ጉብታ ካለ ፕሮሮፕስ ናሱታ፣ ሹካው ከሌለ ሴፋሎኖሚያ ልትሆን ትችላለች። ሦስቱም የአፍሪካ ናቸው፤ ሰርሳሪውን እንዲያጠፉ ላቲን አሜሪካ ድረስ ተወስደዋል። ከእነዚህ ካልገጠመች በሳይንስ ምደባ ያለችበትን ቤተሰብ (ፋሚሊ) ብቻ ጻፍ። እዚህ ፎቶ አይቶ ሙሉ ስም የሚለጥፍልህን አትስማ።

3ኛ፦ አልኮል። ለቅርጽ 70 ከመቶ ይበቃል፣ ለዲኤንኤ 95 እና ከዚያ በላይ። አረቄ አይሆንም፣ ለጠጪው ተወው። የመለያ ወረቀቷን (ቀንና ቦታ የሚጻፍባትን) በእርሳስ ጽፈህ እዚያው አልኮሉ ውስጥ ክተት፤ የእስክሪብቶ ቀለም ሟሙቶ ነጭ ወረቀት ያስቀርልሃል።

ነገሩ የሚበላሸው ግን እዚህ ወረቀት ላይ ነው። «12/3/2016» ብለህ ብትጽፍ አንተ ኅዳር 12 ማለትህ ነው፤ ፈረንጁ ማርች 12 ወይም ዲሴምበር 3 ብሎ ያነበዋል። ትክክለኛው 22 ኖቬምበር 2023 ነበር። 7 ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ወደ ኋላ ሄደሃል ማለት ነው! በዚያ ላይ ማርች ቡናው የሚያብብበት ወቅት ነው፤ ቀይ ፍሬ ከየት አመጣህ ተብሎ መዝገብህ ይጣላል። ወሩን በስም ጻፍ፣ እ.ኤ.አ. መሆኑንም ግለጽ። ሰዓትም እንዲሁ፤ ጠዋት 3 ሰዓት ለእነሱ 9 ነው።

«ጅማ» ብቻ ብለህም አትለፍ፤ ጅማ አርጆም ጅማ ራሬም አለ። ወረዳና ቀበሌ፣ ከፍታ፣ ኬክሮስና ኬንትሮስ እስከ 4 የአስርዮሽ ቤት (11 ሜትር ገደማ ያደርሳል)፣ የወጣችበት ተክልና ተባይ፣ የሰብሳቢው ስም። የለቀምክበትና ተርቧ የወጣችበት ቀን ለየብቻ ይጻፉ።

ወደ ውጭ ለመላክ ካሰብክ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ከኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልግሃል፤ ብልቃጡን ከማሸግህ በፊት ጠይቅ።