ጣራ የሚሸከም ሐውልት አለ?

ጥያቄ፦ ጥንታዊ ቤተ መቅደሶች ስላሉበት የአቴንስ ኮረብታ፣ ስለ አክሮፖሊስ፣ በተረጎምሁት ጽሑፍ «የኤሬክቴዮንን ቤተ መቅደስ በረንዳ ጣራ ስድስት የሴት ሐውልቶች ተሸክመውታል» ብዬ ነበር። አራሚው «ሐውልቶች»ን ሰርዞ «ዓምዶች» አደረገው። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ አራሚዎ፤ ያውም በግማሽ። ሴቶቹን ቀረብ ብለው ይመልከቷቸው። ጸንተው የቆሙበትን እግር የሸፈነው የቀሚሳቸው እጥፋት ቀጥ ብሎ ሲወርድ የዓምድ ቦይ ይመስላል፤ የሌላው እግር ጉልበት ግን ከጨርቁ ሥር ሸብረክ ብሎ ይታያል። ቀጭን አንገታቸው ጣራውን እንዲችል ወፍራም ሹሩባ ከኋላ ደግፎታል። ቀራጺው ዓምድነታቸውን ለአፍታም አልረሳም።

«ሐውልት» በመሠረቱ ቆሞ የሚያስታውስ ድንጋይ ነው፤ ራሱን እንጂ ጣራ አይሸከምም። ያዕቆብ ተንተርሶት ያደረውን ድንጋይ ሐውልት አድርጎ ሲያቆመው ዓይንና አፍንጫ አላወጣለትም። በአክሱሞቹም ላይ የተቀረጸው በርና መስኮት ነው። «ዓምድ» ግን ይሸከማል፤ ሥሩ በዕብራይስጥም «ቆመ» ማለት ነው። በዚያው አክሮፖሊስ ያለውን የፓርቴኖንን ቤተ መቅደስ ዙሪያውን የከበቡት 46ቱም ዓምዶች ናቸው።

«የሎጥ ሚስት የጨው ሐውልት ሆነች ተብሏልና ሐውልት የሰው ቅርጽ ነው» ብለው የሚሟገቱ አሉ። የግዕዙ ኦሪት የተመለሰው ከግሪክ ነው፤ ግሪኩ በዚያ ቦታ «ስቴሌ» ይላል፣ የቆመ ድንጋይ ማለት ነው። ግሪኮች የሰውን ምስል «አንድሪያስ» ይሉታል፤ «ሰው፣ ወንድ» ከሚለው ቃል የወጣ፣ የሐዋርያው እንድርያስ ስም ዘመድ ነው። የአማልክቱን «አጋልማ» ይሉታል፤ ደስ ማሰኘት ከሚል ሥር የመጣ ነው። የሎጥን ሚስት ከሁለቱም አልመደቧትም።

ስለዚህ «በሴት አምሳል የተቀረጹ ስድስት ዓምዶች» ይበሉ። «ዓምዶች» ብቻ ካሉ ሴቶቹ ይጠፋሉ፤ የአራሚዎ ጉድለት ይህ ነው።

ግሪካዊው ቀራጺ ፊድያስ ከወርቅና ከዝሆን ጥርስ ሠርቶ በፓርቴኖን ውስጥ ያቆማትን፣ 12 ሜትር ገደማ የነበረችውን የግሪኮችን ሴት አምላክ አቴናን እኔ «ምስል» እላታለሁ፤ ኦሪት ዘፀአትም «የተቀረጸ ምስል» ይላልና። ይሁንና ክፍል ውስጥ «የአቴና ምስል ጠፍቷል» ብዬ ሳስተምር አንድ ተማሪ ስልኩን ከፍቶ «ይኸው፣ አለ» ብሎ ፎቶ አሳይቶኛል። ፒያሳም ላይ ፈረስ የተቀመጡትን ንጉሥ «የምኒልክ ምስል» የሚል ሰው አላገኘሁም፤ ሐውልት ናቸው፣ የስድስት ኪሎውም የየካቲት 12 መታሰቢያ ሐውልት ነው። እንግዲህ ለአቴና «ሐውልት» ቢሉ አልሰርዝብዎትም። የበረንዳዎቹን ሴቶች ግን ይተዉልኝ።