«መብራቱን አንሣ» ሲባል ኮምፒውተሩ እንዲገባው
ጥያቄ፦ ልጄ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መማር ጀምሯል፤ እንደ ድሮዎቹ በጽሑፍ ብቻ የሚካሄድ ጨዋታ በአማርኛ መሥራት ይፈልጋል። ከምን ይነሣ?

መልስ፦ በጣም ጥሩ መነሻ ነው! ሦስት ክፍሎች ያሉት ካርታ ወረቀት ላይ ይሣል፤ የየክፍሉን መግለጫና መውጫዎች ዲክሽነሪ (በፓይተን ስምን ከመረጃው ጋር አጣምሮ የሚይዝ መዝገብ) ውስጥ ያስገባ። ከባዱ ሥራ ተጫዋቹ የሚጽፈውን ትእዛዝ ኮምፒውተሩ እንዲረዳ ማድረጉ ነው። ዶን ዉድስ እ.ኤ.አ. በ1977 ያሰፋው የዊል ክራውዘር «አድቬንቸር» የተባለ የጽሑፍ ጨዋታ ሁለት ቃል ብቻ ይቀበል፣ ከየቃሉም የመጀመሪያዎቹን 5 ፊደላት ብቻ ያይ ነበር። በእንግሊዝኛ ግሱ ይቀድማል፤ በአማርኛ ግን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ልጅዎ ከመጨረሻው ቃል ይጀምር። ሞክሼ ፊደላትም ያስቸግራሉ፦ «አንሣ» እና «አንሳ» ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ከማነጻጸሩ በፊት ሣን በሳ ይተካ፤ ሌሎቹንም እንዲሁ። «መብራቱን» ላይ «ን»ን ቢቆርጥ «መብራቱ» እንጂ «መብራት» አያገኝም፤ ስለዚህ ሦስቱንም መልክ ይመዝግብ።